ሁለት ፌርማታ ጨምር

አይሊ ሳሪ ትባላለች። ሰማንያ ሁለት ነው ዕድሜዋ።
በዱሉት ከተማ፣ ከሐይቁ ዳር ካለው ፌርማታ፣
ባለሦስት እግር ብረት እንደ ሕፃን አቅፋ
በየማለዳው አውቶቡሴ ላይ ትሳፈራለች።
የፊተኛው ወንበር የሷ ነው፤
ማንም አይቀመጥበትም፣ ማንም ግን አልከለከለም።

ስሜ ወንድይፍራው ነው። ደረቴ ላይ የተለጠፈው «ዌንዲ» ይላል።
እሷ ግን ሙሉውን ትጠራዋለች፣ በየፊደሉ እያረፈች፣
ሰው በሚያንሸራትት መንገድ ላይ እንደሚራመደው።

አሮጌ ካሜራዋን በሰማንያ ዶላር ሸጠችልኝ፤
ቆዳው የተላጠ፣ ማንገቻው በጫማ ክር የተተካ።
ሦስት ነገር ነው፣ አለች፣ ሦስት ብቻ፤
ቀይ መብራት በያዘን ቁጥር አንዳንዱን አስረዳችኝ።
እኔም እንዳይጠፋብኝ፣ በገዛ መኪናዬ ገጠምኩት፦

   ሌንስህ ውስጥ በር አለ፤ ብርሃን ነው ተሳፋሪ፤
   ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል፤ አትሁን ተከራካሪ።
   ሁለት ነጥብ ስምንት ላይ ወለል ብሎ ሲከፈት
   ፊት ያለው ጥርት ይላል፣ ይደበዝዛል የኋላው ቤት።
   አሥራ ስድስት ስታደርገው፣ በሩ ገርበብ ሲል ጠቦ፣
   ቅርቡም ሩቁም ይጠራል፣ ሁሉም በወግ ተሰብስቦ።

   መዝጊያው ደግሞ ቆይታ ነው፤ ስንት ጊዜ ቆመህ ጠበቅህ?
   በሺህኛ ሰከንድ ከሆነ፣ የወፍ ክንፍ አየር ላይ ያዝህ።
   ግማሽ ሰከንድ ከቆየህ፣ የሚሮጠው ይሆናል ጭስ፤
   እጅህ ከተንቀጠቀጠም፣ ታየዋለህ ግንብ ሲፈስ።

   አይኤስኦ ሬዲዮ ነው፤ መቶ ላይ ጥርት ያለ ዜና፤
   ሲመሽ ድምፁን ከፍ አድርገው፣ ስድስት ሺህ ድረስ ሂድና።
   ይሰማል፤ ግን ሽሽሽ ይላል፣ አሸዋ እንደተበተነበት፤
   ጨለማ በነፃ አይለቅም፣ ሂሳብ አለው የሚከፈልበት።

ተርጉምልኝ አለች። ተረጎምኩላት።
«ሬዲዮው ልክ ነው» ብላ ወረደች።

ከዚያ ልጄ ሶስና ስምንት ዓመት ሞላት።
የካቲት ነበር። ሐይቁ እስከ ሰማይ ድረስ ነጭ።
ቢጫ ጃኬት አልብሼ ከድልድዩ ፊት አቆምኳት፣
ከዜሮ በታች አሥራ ስምንት።
አነሳሁ። አየሁት።
በረዶው አመድ ሆኗል። ልጄ ፊት የላትም፤
ቆብ አለ፣ ጃኬት አለ፣ በመሃላቸው ጥላ።
እንደገና። አሁንም አመድ።
ሶስና ስክሪኑን አይታ፣ «አባ፣ እኔ የት ነኝ?»

ሰኞ ለአይሊ አሳየኋት።
መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ አፍንጫዋ ስክሪኑን እስኪነካ ተጠጋች።
«ይህ ማሽን ዓለም ሁሉ ግራጫ ነው ተብሎ ነው ያደገው» አለች፤
«ነጭ ሲበዛበት ይደነግጣል፣ በሩን ይዘጋል።
የቆጠረው በረዶውን ነው፤ ልጅህን አልቆጠራትም።
ሁለት ፌርማታ ጨምር።»

ፌርማታ? አሥራ አንድ ዓመት ነድቼ
ቃሉን ገና የሰማሁት መሰለኝ።
ለካ በነሱ ሙያ የብርሃን እጥፍ ሁሉ ፌርማታ ነው፤
አንድ ወደፊት ስትሄድ እጥፍ፣
አንድ ስትመለስ ግማሽ።
ግን በዚያ ሁሉ ብርሃን ላይ ሌላ ብርሃን?
ጭንቅላቴ እምቢ አለ። ከኋላዬ አንዱ ጥሩምባ ነፋብኝ፤
መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ቆይቷል።

እሑድ ተመለስን። ሰማዩ ደመና።
አምስት ነጥብ ስድስት፤ ሁለት መቶ ሃምሳኛ፤ አይኤስኦ ሁለት መቶ፤
በቀስቷ ላይ ሁለት ፌርማታ አለፍኩ።
ሶስና በአንድ እግሯ ትዘላለች፣ ጣቷ ስለደነዘዘ።
ተጫንኩት። ቀጭ አለ።
ባትሪው ሞተ።

ባትሪውን ብብቴ ሥር እንደ እንቁላል አቅፌ
ዳገቱን ወጣን። እሷ አንድም ቃል አልተናገረችም።
ቤት ስንደርስ፣ ሾርባው ሳይሞቅ፣ ካሜራው ተከፈተ።

በረዶው በረዶ ነው። ልጄም ልጄ፤
የወለቀው ጥርሷ ቦታ፣ ቅንድቧ ላይ ውርጭ፣
ጉንጯ ላይ የታናሽ ወንድሟ ጥፍር የቧጨረው መስመር ሳይቀር።
ግራ እጇ ብቻ ደብዝዟል፤
ቶሎ በል እያለችኝ ነበር።